«ዋጂብ»፦ ከሠርግ ጥሪ ጋር ቤት ለቤት የሚዞር ቅሬታ

«ዋጂብ» በተባለው ፊልም አባትና ልጅ አሮጌ ቮልቮ ውስጥ ተቀምጠው ከቤት ቤት እየዞሩ የሠርግ ጥሪ ያድላሉ። ታሪኩ ይኸው ነው። ለ96 ደቂቃ ደረጃ ይወጣሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ደረጃ ይወርዳሉ፣ መኪናው ውስጥ ይነታረካሉ። የአረብ ፊልም ሲባል ተኩስ ወይም ለቅሶ የሚጠብቅ ተመልካች «እና ምን ሆነ?» ብሎ ሊነሳ ይችላል። የሆነው ግን ብዙ ነው። ታሪኩ የሚያልፍባት የገሊላዋ ናዝሬት ሰው ማንም ሳይነግረው የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ፊልሙ ቆሞ አያስረዳም፤ ለሌላው ተመልካች ደግሞ ካልተብራራለት በአጠገቡ ያልፋል።

ፊልሙን ጽፋ ያዘጋጀችው ፍልስጤማዊቷ አኔማሪ ጃሲር ናት፤ ሦስተኛ ረጅም ፊልሟ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሎካርኖ ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ በዱባይ ፌስቲቫል የምርጥ ፊልም ሽልማት ወሰደ፤ ፍልስጤምም ለኦስካር ውድድር ላከችው። በዱባይ የምርጥ ተዋናይ ሽልማቱ ለሁለት ሰው ነበር የተሰጠው፤ አባቱን ለሚጫወተው መሐመድ በክሪና ልጁን ለሚጫወተው ሳሌሕ በክሪ። ሁለቱ በእውነተኛው ሕይወትም አባትና ልጅ ናቸው። ይህን አውቆ ማየት ይጠቅማል። አንዱ ዝም ሲል ሌላው የሚያየው አተያይ፣ ንግግር ሳያስጨርሱ መቀማማቱ፣ በልምምድ ብቻ የሚመጣ አይደለም።

በመጀመሪያ ስሙን እንያዘው። «ዋጂብ» ለአማርኛ ተናጋሪ ሙስሊም አንባቢ አዲስ ቃል አይደለም፤ በሃይማኖት ትምህርት ግዴታ የሆነ ነገር ማለት ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠራም ሰው ከአሠሪ አፍ ሰምቶት ይሆናል። ፍልስጤማውያን በዕለት ተዕለት ንግግራቸው ሲጠቀሙበት ግን ትርጉሙ ወደ ማኅበራዊ ኑሮ ያዘነብላል። ለቅሶ መድረስ ዋጂብ ነው። የታመመ መጠየቅ ዋጂብ ነው። የሠርግ ጥሪ በእጅ ማድረስም እንደዚሁ። «ግዴታ» ብለን ብንተረጉመው የሕግና የፖሊስ ሽታ ይይዛል። በእኛ ቋንቋ የሚቀርበው «ወግ» እና «ይሉኝታ» አንድ ላይ ተቀላቅለው ቢሆን ነው፤ ሰው ወዶ የሚያደርገው፣ ባያደርገው ግን ሰፈሩ የሚያወራበት ነገር። ፊልሙ በዚህ ቃል ሁለት ፊት ላይ ነው የሚጫወተው። ለአባትየው ዋጂብ ሰውን ከሰው ጋር አስሮ የያዘ ገመድ ነው። ለልጅየው ደግሞ አንገት ላይ የገባ ገመድ።

ሰዎቹ እነማን ናቸው?

አባትየው አቡ ሻዲ ይባላል፤ በስልሳዎቹ ዕድሜ ያለ መምህር፣ ከሚስቱ የተፋታ። «አቡ ሻዲ» መጠሪያ ስሙ አይደለም፤ «የሻዲ አባት» ማለት ነው። አረቦች ወላጅን በበኩር ወንድ ልጁ ስም የመጥራት ልማድ አላቸው። ከዚህ የተነሣ ሰው ሁሉ አባትየውን በጠራው ቁጥር የልጁ ስም ይነሣል፤ ልጁ አገር ጥሎ ከሄደ ዓመታት ቢቆጠሩም። ሻዲ ሮም የሚኖር አርክቴክት ነው። የመጣው ለእህቱ ለአማል ሠርግ ነው። በልማዱ መሠረት ጥሪውን ከአባቱ ጋር ሆኖ ማድረስ አለበት።

ከተማው ናዝሬት ነው። ናዝሬት ሲባል አዳማ ትዝ ለሚለው አንባቢ፣ የእኛይቱ በዘመነ ኃይለ ሥላሴ ስሙን የተዋሰችው ከዚችኛዋ ነው። የገሊላዋ ናዝሬት እስራኤል ውስጥ ካሉት ትልልቅ የአረብ ከተሞች አንዷ ናት፤ አብላጫው ነዋሪ ሙስሊም ሲሆን ከሦስት አንድ ያህሉ ክርስቲያን ነው። የአቡ ሻዲ ቤተሰብ ክርስቲያን ነው፤ ታሪኩ የሚያልፈውም በገና ሰሞን ነው። አጥር ላይ የተሰቀለው መብራትና በየሱቁ የቆመው የገና አባት ለጌጥ ብቻ የገቡ አይደሉም። ከተማው እየደመቀ እነዚህ ሁለቱ እየተካረሩ መሄዳቸውን ጎን ለጎን ታያላችሁ።

አሁን ብዙ ተመልካች የሚደናገርበት ቦታ ላይ ደረስን። እነዚህ ፍልስጤማውያን የእስራኤል ዜጎች ናቸው። በዌስት ባንክ ወይም በጋዛ እንዳሉት አይደሉም፤ የፍተሻ ኬላ በየዕለቱ አይገጥማቸውም፣ በእስራኤል ፓስፖርት ይጓዛሉ፣ ለፓርላማ ይመርጣሉ። እስራኤል በተመሠረተችበት በ1948 ጦርነት ጊዜ ከመኖሪያቸው ሳይወጡ የቀሩት ወይም በዚያው ክልል ውስጥ የተፈናቀሉት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ አረቦች «የአርባ ስምንቶቹ» ይሏቸዋል። ዛሬ እስራኤል ውስጥ ከአምስት ሰው አንዱ ያህል አረብ ነው። ዜግነቱ ግን ወዲያው እኩልነት ይዞ አልመጣም። ከ1948 እስከ 1966 ድረስ በወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበሩ፤ ከሰፈር ሰፈር ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። የአቡ ሻዲን ዕድሜ አስሉት። ልጅነቱ በዚያ ዘመን ነው ያለፈው። አንገት ደፍቶ ሥራን መሥራት፣ ከባለሥልጣን ጋር አለመጋጨት፣ ለሁሉም ፈገግ ማለት፣ እነዚህ ለእሱ ከፍርሃት ይልቅ የመኖር ጥበብ ናቸው።

ሻዲ የሌላ ዘመን ልጅ ነው። ልጆቹ በ1976 በገሊላ የመሬት መነጠቅን በመቃወም ስድስት ሰው ስለተገደለበት «የመሬት ቀን» እየሰሙ ያደጉበት፣ በ1993 በእስራኤልና በፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት መካከል የኦስሎ ስምምነት ሲፈረም «የአርባ ስምንቶቹ» ጉዳይ ከድርድሩ ውጭ የቀረበት፣ በ2000 ጥቅምት ደግሞ በተቃውሞ ሰልፍ 13 ሰው በፖሊስ ጥይት የወደቀበት ትውልድ። በወጣትነቱ ፖለቲካ ሲነካካ አባቱ ወደ ውጭ ላከው። አባት «አዳንኩት» ይላል፤ ልጅ «አባረረኝ» የሚል ስሜት አለው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የቂሙ ሥር እዚህ ነው የተቀበረው።

ጥሪው እንዴት ይታደላል?

ከተሜው ዛሬ በስልክ መልእክት ይጠራል፤ ናዝሬት ላይ ግን በእጅ ማድረስ የክብር ጉዳይ ሆኖ ቀጥሏል። አሠራሩን ማወቅ ፊልሙን ግማሽ መንገድ ያስኬዳል። ስም ዝርዝር በቤተሰብ ይወጣል። ፖስታው ላይ የቤቱ አባወራ ስም ይጻፋል። አስተላላፊው የሙሽራዋ የቅርብ ወንድ ዘመድ ነው፤ አባት፣ ወንድም፣ አጎት። በር ላይ ሰጥቶ መመለስ ነውር ስለሆነ መግባት፣ መቀመጥ፣ የቀረበውን ቡና ወይም ጣፋጭ መቅመስ፣ ስለ ጤና መጠያየቅ ይከተላል። ባለቤቱ «መብሩክ» ይላል፤ «እንኳን ደስ አላችሁ» ማለቱ ነው። ያላገባ ወጣት በአጠገብ ካለ ደግሞ «ዑቅባል ዒንደክ» ይጨመርለታል፤ «ለአንተም ያድርግልህ» እንደምንለው ነው። እንደ ሻዲ ያለ ላጤ በእንዲህ ዓይነት ዙር ይህን ምርቃት ሳይሰማ የሚወጣበት ቤት አይኖርም፤ ምርቃቱ በሃያኛው ቤት ላይ ጥያቄ ይሆናል።

ሰው ቢዘለል ምን ይመጣል? መቀየም ብቻ አይደለም። ፍልስጤማውያን በሠርግ ላይ «ኑቁጥ» የሚሉት የገንዘብ ስጦታ አላቸው፤ ማን ስንት እንደሰጠ ይመዘገባል፣ ነገ በሰጪው ቤት ሠርግ ሲሆን ብድሩ ይመለሳል። ስለዚህ ስም ዝርዝሩ የዓመታት የሒሳብ መዝገብም ነው። አንድ ቤት መዝለል ያንን መዝገብ መቅደድ ነው። በተቃራኒው ደግሞ አንድን ሰው መጥራት ከእሱ ጋር ዝምድና እንደፈጠሩ ማሳወቅ ነው። ይህችን ነጥብ ያዟት፤ ትልቁ ጠብ የሚነሣው ከዚች ነው።

ሮኒ የተባለው እንግዳ

አቡ ሻዲ ጥሪ ሊያደርስላቸው ከሚፈልጋቸው ሰዎች አንዱ ሮኒ የሚባል እስራኤላዊ አይሁድ ነው። ለአባትየው ወዳጁ ነው፤ በትምህርት ሥራ የሚያውቀው ሰው፤ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ለመሆን ያለው ተስፋም ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ሻዲ ደግሞ ሰውየውን የሚያውቀው የደኅንነት ሰው አድርጎ ነው። ከዚህ በላይ ፊልሙ አያብራራም፤ ተመልካች ደግሞ «ልጁ ሁሉን ነገር ሴራ ያደርገዋል» ሊል ይችላል።

ጉዳዩ የሻዲ ቅዠት አለመሆኑን የሚያሳይ በሰነድ የታወቀ ታሪክ አለ። እስራኤል ውስጥ የአረብ ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች በትምህርት ሚኒስቴሩ ውስጥ በተለየ ክፍል ይተዳደሩ ነበር። የዚያ ክፍል ምክትል ኃላፊ ሆኖ የሚሠራው ሰው ለአሥርተ ዓመታት ከአገር ውስጥ ደኅንነቱ መሥሪያ ቤት ከሻባክ የሚመጣ ነበር፤ መምህርና ርእሰ መምህር ሲሾም ቃሉ ይሰማል። በ2004 አዳላህ የተባለው የሕግ ድርጅት ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት ብሎ፣ በ2005 የሥራ መደቡ እንደሚሰረዝ መንግሥት አስታወቀ። መደቡ ቢሰረዝም በመምህራን ዘንድ የተከለው ጥርጣሬ አብሮ አልተሰረዘም። እንግዲህ አቡ ሻዲ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። ርእሰ መምህርነት ለእሱ ዕድገት ብቻ ሳይሆን ያ ሁሉ አንገት መድፋት በከንቱ እንዳልነበረ ማረጋገጫ ነው።

እናም ሻዲ «ይህን ሰው በእህቴ ሠርግ አላየውም» ሲል አባትየው የሚሰማው «ዕድሜህን በከንቱ ጨረስክ» የሚል ፍርድ ነው። መንገድ ላይ ወርደው የሚጯጯሁበት ትዕይንት በጣም የሚያምመው ለዚህ ነው። የፖለቲካ ክርክር ይመስላል፤ ውስጡ ግን አንድ አባት «ልጄ ያፍርብኛል» ብሎ ሲደነግጥ ነው። በእኔ ግምት በፊልሙ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ትዕይንት የለም፤ ካሜራውም ያለ ሙዚቃ ማጀቢያ ጥሏቸው መቆሙ ትክክል ነው።

የማን ሕልም ነው የፈረሰው?

ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስሕተት ሻዲን የእውነት ጠበቃ፣ አባቱን ደግሞ አጎብዳጅ አድርጎ ማየት ነው። አዘጋጇ ለዚህ ቀላል አተረጓጎም በሩን ትዘጋዋለች። አቡ ሻዲ ይዋሻል፤ እውነት ነው። በየቤቱ ስለ ልጁ ሰው መስማት የሚፈልገውን ይናገራል፤ ተመልሶ መጥቶ አገሩ እንደሚኖር፣ የአገር ልጅ እንደሚያገባ። ሐኪም የከለከለውን ሲጋራ ልጆቹ ሳያዩት ያጨሳል። ሻዲ ግን የአባቱን ውሸት ባጋለጠ ቁጥር የራሱም ይጋለጣል። ሮም ውስጥ ከናዳ ጋር ይኖራል፤ አባቷ በስደት ያለ የፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት ሰው ነው። ሻዲ የሚያደንቀው እሱን ዓይነቱን ነው። አቡ ሻዲ ደግሞ በዚህ ይበግናል፤ በውጭ አገር ሳሎን ተቀምጦ ስለ አገር መናገርና እዚህ ቆሻሻ ባልተነሣበት መንገድ ልጆችን ለማስተማር በየማለዳው መነሣት አንድ አይደሉም ባይ ነው።

ቆሻሻው ራሱ አንድ ርእስ ነው። ሻዲ ገና ከመምጣቱ በየመንገዱ የተከመረውን፣ በየበረንዳው የተወጠረውን የፕላስቲክ ሸራ፣ የተዝረከረከውን ግንባታ ሲያይ ይናደዳል። አርክቴክት ነውና ዓይኑ ይኼንኑ ነው የሚይዘው። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለእረፍት አገሩ የገባ ዘመድ ያስተናገደ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ነገር ግን ከተማው ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚያስረዳ ነገር ከኮረብታው ላይ ይታያል። በ1950ዎቹ ከናዝሬትና ከአካባቢው መንደሮች በተወሰደ መሬት ላይ «ናፅራት ዒሊት»፣ ማለትም ላይኛዋ ናዝሬት፣ ለአይሁድ ሰፋሪዎች ተቆረቆረች፤ በ2019 ስሟን ወደ «ኖፍ ሀጋሊል» ለወጠች። አሮጌዋ ከተማ በጎድጓዳው ውስጥ ቀረች፤ የምትሰፋበት መሬት ሲያጥር ቤት በቤት ላይ ተደራረበ። ፎቅ የተጨመረበት ቤት፣ መኪና የማያሳልፍ ጠባብ መንገድ፣ ማቆሚያ ፍለጋ መንከራተት፣ ሁሉም ከዚህ ጋር ይያያዛል። አባትየው ይህን አያስተምርም፤ መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳ ማውጣት ብቻ ነው የሚያውቀው።

እናትየዋን ደግሞ አናያትም። ከዓመታት በፊት ሌላ ሰው ወዳ ቤተሰቡን ትታ ወደ አሜሪካ ሄዳለች። አሁን ያኛው ባሏ በጽኑ ስለታመመ ለሠርጉ ትምጣ አትምጣ ቁርጡ አይታወቅም። ጥሪ ተቀባዮች ቡናውን ሲያቀርቡ በዘዴ ስለ እሷ ይጠይቃሉ። አቡ ሻዲ የሚሸሸው ጥያቄ ይሄ ነው። ይህን ክፍል የቤተሰብ ድራማ ብቻ አድርጎ ማለፍ ያጓጓል፤ ግን ከዋናው ጉዳይ ጋር በአንድ ክር ተሰፍቷል። እሷም እንደ ሻዲ ሄዳለች። እሱ ቀርቷል። ሁለቴ ጥለውት የሄዱበት ሰው ስለ «መቆየት» ሲናገር ድምፁ የሚሻክረው ለዚህ ነው። አማል መሐል ላይ ናት፤ አባቷንም ታውቃለች፣ እናቷንም ትናፍቃለች፤ ሁለቱ ወንዶች ጀግና ለመሆን ሲሻሙ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ለእሷ የተሰጠው ጊዜ ማነሱ የፊልሙ ድክመት ነው ቢባል አያስቆጣም።

ሲታይ ምን ላይ ዓይን ይጣል?

መክፈቻው ላይ ከመኪናው ሬዲዮ የሞቱ ሰዎች ስም ሲነበብ ይሰማል። ማን ቤት ለቅሶ እንዳለ ለማወቅ ነው፤ ዋጂብ ነዋ። የሠርግ ጥሪ የሚታደልበት ቀን በመርዶ ጀመረ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሣቁም ምሬቱም በዚህ ቅኝት ይሄዳል።

የሻዲን አለባበስና ከኋላ የታሰረ ፀጉሩን አባቱ ይጎነትልበታል። ቀልድ ነው፤ ግን በየቤቱ ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት ያንን ነው፤ አባትም በእነሱ ዓይን እንደገና ያየዋል። ሁለት እስራኤላውያን ወታደሮች ምግብ ቤት ውስጥ ሲገቡ ደግሞ የአባትንና የልጅን ፊት አነጻጽሩ። አንዱ እንዳልገቡ ያህል መብላቱን ይቀጥላል፣ ሌላው መቀመጥ ያቅተዋል። ቃል ሳይለዋወጡ ቀድሞ ያብራራነው ሁሉ እዚህ አለ።

ቋንቋውንም እንዲሁ። ንግግሩ የፍልስጤም አረብኛ ነው፤ የግብፅ ድራማ ለለመደ ጆሮ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያስቸግራል፣ በተለይ አጠያየቁና ፈጣን አነጋገሩ። በእስራኤል ያሉ አረቦች ዕብራይስጥ ቃል በአረብኛቸው መሐል ያስገባሉ፤ የአየር ማቀዝቀዣን «ማዝጋን»፣ የትራፊክ መብራትን «ራምዞር» እንደሚሉት። የግርጌ ትርጉም ይህን ለይቶ አያሳይም። ከናዝሬት ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ አፉላ በምትባለው የእስራኤል ከተማ የሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ግን ወዲያው ይለየዋል፤ እሱም በአማርኛው መሐል «ማዝጋኑን አብራው» ይላልና። የመንግሥት ቋንቋ ሰተት ብሎ ጓዳ ሲገባ ማንም አያስተውለውም፤ ሻዲን የመሰለ ከውጭ የመጣ ሰው ካልሆነ።

ከፊልሙ ጋር በተያያዘ የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እስራኤል ውስጥ የተቀረጸ ፊልም እንዴት «የፍልስጤም» ተብሎ ይመዘገባል? መልሱ በገንዘቡ ምንጭና በሠሪዋ ምርጫ ላይ ነው። «ዋጂብ» ገንዘብ ያሰባሰበው ከአውሮፓ፣ ከአረብ አገሮችና ከኮሎምቢያ አጋሮች ጭምር ነው። በ2014 ሌላ ፍልስጤማዊት አዘጋጅ ከእስራኤል የፊልም ፈንድ ብር ወስዳ ፊልሟን «የፍልስጤም» ብላ በማቅረቧ ገንዘቡን መልሺ ተብላ ትልቅ ውዝግብ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአርባ ስምንቶቹ ፊልም ሠሪዎች በጀት ሲያፈላልጉ ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ይመልሳሉ፤ የአገር ስም የሚጻፍባት አንዲት መስመር ብዙ ገንዘብ ታስከፍላለች ወይም ታስቀራለች።

ለመጨረሻው ትዕይንት ስትደርሱ እርቅ አትጠብቁ። ማንም ይቅርታ አይልም፣ ሮኒም መፍትሔ አያገኝም። ጥሪው ታድሎ አልቋል፤ አባትና ልጅ በረንዳው ላይ ቡናና ሲጋራ ይዘው ተቀምጠዋል። አባት የተደበቀውን ሲጋራ ከእንግዲህ አይደብቅም፣ ልጅም አይከለክለውም። ፊት ለፊታቸው ያቺው የተደራረበች ከተማ አለች፣ ሸራዎቿን እንደወጠረች።